ቫይረሱ ካልታየ ሲዲፎሩን ማን ወሰደው?

መነሻ ጽሑፍ

ከኤችአይቪ ጋር የምኖር የባሕር ዳር ሴት ነኝ፤ ሰፈሬ ዓባይ ማዶ ነው። መድኃኒት የጀመርኩት በ1999 ዓ.ም. ሲሆን ያኔ ሲዲፎሬ (ሲዲፎር የሚባለው ምልክት ያለባቸው የመከላከያ ሴሎች ቁጥር) 64 ነበር። ቫይራል ሎድ፣ ማለትም ደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን፣ መለካት ከጀመርኩ ወዲህ ውጤቴ ሁሌ አንድ ነው፤ ቫይረሱ አልታየም። ሲዲፎሬ ግን 340 አካባቢ ደርሶ ቆመ። በዚያው ዓመት መድኃኒት የጀመረች ጓደኛዬ 700 አልፋለች። የምንውጠው ኪኒን አንድ ነው። ታዲያ ቫይረሱ ካልታየ ሴሎቼን ማን እየጨረሳቸው ነው? ዓመታት የቆየ ኤችአይቪ ደማችን ውስጥ ያሉትን ሴሎች ምን ያደርጋቸዋል?

ይህን የጠየቅሁት የከተማችን ሰዎች ስለ ጤና በሚወያዩበት መድረክ ላይ ነው። የውይይቱ ክር በጣም ስለረዘመና ብዙ ሰው ከመሃል ስለገባ፣ የተባለውን በራሴ አነጋገር እዚህ አሰባስቤዋለሁ። የማንንም ስም አላነሳሁም። ቁጥሮቹ እንደ ክሩ ናቸው፤ ፍሬ ነገር ያላገኘሁባቸውን ዘልያለሁ።

ምላሽ 1። መጀመሪያ የጻፈችልኝ ኤአርቲ (የፀረ ኤችአይቪ ሕክምና) ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ ናት። እህቴ ብላ ጀመረች። ቫይረሱ አለመታየቱ ከሲዲፎር ቁጥር እንደሚበልጥ፣ ክፉኛ የሚያሰጋው ከ200 በታች ሲወረድ እንደሆነ፣ 340 ላይ ያለ ሰው መደናገጥ እንደሌለበት አስረዳች። ቫይረሱ የማይታይበት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንደማያስተላልፍም አስታወሰች። ቫይራል ሎዱ ለረጅም ጊዜ ለተስተካከለ ታካሚ ሲዲፎር ቶሎ ቶሎ የማይታዘዘውም በዚሁ ምክንያት ነው። መልሷ ልቤን አሳረፈው። ሴሎቹ የት ሄዱ የሚለው ግን እንዳለ ቀረ።

ምላሽ 2። ከጣና ክፍለ ከተማ የጻፈ ሰው የእሱ ሲዲፎር ከ900 በላይ እንደሆነ ነገረን። ምስጢሩ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ጥቁር አዝሙድ በማር ተለውሶ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ ነው አለ። ለእኔም እንዲሁ እንዳደርግ መከረኝ። ሰውየው በቅንነት ነው የጻፈው፤ አልጠላሁትም።

ምላሽ 3። አንድ ፋርማሲስት ግን ተቆጣ። በምላሽ 2 ዓይነት ምክር የተነሳ ኪኒናቸውን ትተው የሞቱ ሰዎችን እንደሚያውቅ ጻፈ። ነጭ ሽንኩርት ወጥ ውስጥ ይጣፍጥ እንጂ ሲዲፎር አያመርትም፤ የሰውየው ቁጥር ከፍ ያለው መድኃኒቱን በሥርዓት ስለወሰደ ነው ባይ ነው። ቁጣውን ትተን አንድ ጠቃሚ ነገር ጨመረ። አሁን አብዛኞቻችን የምንወስደው ዶሉቴግራቪር ያለበት ኪኒን ከጨጓራ ማስታገሻ፣ ከካልሲየምና ከአይረን ኪኒን ጋር አይስማማም። አብረው በባዶ ሆድ ከተዋጡ መድኃኒቱ ወደ ደም ሳይገባ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ዶሉቴግራቪሩን ከእነሱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ መዋጥ ነው። ለጨጓራ ብለን ከሱቅ ገዝተን የምንልሰውን ስንቶቻችን ለሐኪም እንናገራለን?

ምላሽ 4። ይህኛው የላቦራቶሪ ባለሙያ ነው፤ ሲዲፎር ሲቆጥር የኖረ ሰው መሆኑ ከአጻጻፉ ያስታውቃል። ቁጥሩ እንዴት እንደሚወጣ አንድ በአንድ አስረዳን። ደሙ የሚቀዳው ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ነው፤ ውስጡ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር አለ። እንደተቀዳ ቱቦውን ቀስ እያሉ ያገላብጡታል። ካልተገላበጠ ደሙ ይጓጉልና ታካሚው ሁለተኛ ይወጋል። ከዚያ የሚያበራ ቀለም ያለበት አንቲቦዲ የሚባል ፕሮቲን ይጨመርበታል፤ አንቲቦዲው የሚጣበቀው ሲዲፎር ያለበት ሴል ላይ ብቻ ነው። ሴሎቹ በቀጭን ፈሳሽ ውስጥ አንድ በአንድ በሌዘር ፊት ያልፋሉ፤ ማሽኑ የሚያበሩትን ይቆጥራል። የሚወጣው ቁጥር በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ያሉት ናቸው፤ ከአንዲት ጠብታ እጅግ ያነሰች መጠን።

ከዚህ ተነስቶ የነገረኝ ነገር እስካሁን ይጠቅመኛል። ጠዋት የተቀዳና ማታ የተቀዳ ደም እኩል አይሆንም፤ ማታ ከፍ ይላል። ጉንፋን ያለበት፣ ሌላ ኢንፌክሽን የያዘው፣ ከባድ ስፖርት ሠርቶ የመጣ ሰው ቁጥሩ ይዋዥቃል። ለውጥ ነው ለማለት 30 በመቶ ያህል መራራቅ አለበት። ስለዚህ ባለፈው 340፣ ዘንድሮ 310 ብሎ ማልቀስ ከንቱ ነው፤ ሁለቱ አንድ ናቸው። ያለቀስኩትን እሱ በምን አወቀ?

ምላሽ 5። ስሙን ያልገለጠ ወጣት ቫይረሱ ለምን ሲዲፎርን ብቻ እንደሚመርጥ ጠየቀ። አጭርና ጥሩ ጥያቄ ነበር።

ምላሽ 6። የሕክምና ተማሪ መለሰለት። ሲዲፎር ሴሉ ላይ ያለ ፕሮቲን ነው፤ ቫይረሱ መጀመሪያ የሚጣበቀው እሱ ላይ ነው። ብቻውን ግን አይበቃውም፣ ሲሲአር ፋይቭ የሚባል ሌላ ፕሮቲንም ይፈልጋል። ሁለቱን ይዞ የሚገኘው ሴል ደግሞ ሌሎቹን የመከላከያ ሴሎች የሚያስተባብረው ነው። እሱ ሲያልቅ ሌሎቹ መሪ ያጣሉ።

ከዚያ ብዙዎቻችንን ያስገረመ ነገር ጻፈ። ከሚሞቱት ሴሎች አብዛኞቹ ቫይረሱ የተራባባቸው አይደሉም። ቫይረሱ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሴል ውስጥ ይገባና መባዛት ጀምሮ መሃል ላይ ይቀራል። ሴሉ ያን ጅምር ሲያገኝ ራሱን ያፈነዳል። ሲፈነዳ የሚለቀው ኬሚካል አካባቢውን ያስቆጣል፣ ሌሎች ጤነኛ ሴሎችም ወደዚያው ይመጣሉ። የመጡትም በተራቸው ይጠቃሉ። የሳን ፍራንሲስኮ ተመራማሪዎች ይህን መንገድ በ2014 እ.ኤ.አ. ዘርዝረው አሳይተዋል። ቫይረሱ በያዘን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትልቁ እልቂት የሚደርሰው ደግሞ አንጀት ላይ እንደሆነ ጨመረ። ሲጨርስ ግን መድኃኒት ከተጀመረ አንጀቱ ሙሉ በሙሉ ይድናል አለ።

ምላሽ 7። እዚህ ላይ አንዲት የውስጥ ደዌ ሐኪም ገባች። ከመላው ክር የወደድኩት የእሷን ነው። ተማሪውን ሳታሸማቅቅ አረመችው፤ አንጀቱ ይሻለዋል እንጂ በብዙ ሰው እንደ ድሮው አይሆንም። በአንጀት ግድግዳ በኩል የባክቴሪያ ስብርባሪ ትንሽ በትንሹ ወደ ደም ይገባል። የመከላከያ ሴሎች ያን ሲያዩ ዝም አይሉም። ቫይረሱ ታፍኖም እነሱ ነቅተው ይቀራሉ፤ ነቅቶ የሚኖር ሴል ደግሞ ቶሎ ይሞታል።

ቀጥላ ወደ እኔ ጥያቄ መጣች። ሴሎቼን አሁን የሚበላቸው የለም አለችኝ፤ ጉዳዩ የሚተካው መጠን ነው። ሦስት ምክንያት ጻፈች። አንደኛ፣ አዳዲስ ሴሎች የሚያድጉበት ከደረት አጥንት ጀርባ ያለው ታይመስ የሚባል ዕጢ በዕድሜ ይከስማል፤ ዘግይቶ የጀመረ ሰው ከእሱ ብዙ አያገኝም። ሁለተኛ፣ ለዓመታት የተቆጡት ንፍፊት የሚወጣባቸው ዕጢዎች ውስጣቸው ይጠባስላል፤ ጠባሳው ሴሎቹ የሚኖሩበትን ቦታ ያጠባል። ሦስተኛው መነሻዬ ነው። በ64 መጀመር ለዘር እንኳ ሳይተርፍ ጎተራው እንደተራቆተበት ገበሬ መሆን ነው አለች። ጓደኛሽ በስንት ጀመረች ብላ ጠየቀችኝ። ደውዬ ጠየቅኋት፤ በ190 ነበር።

አንድ ነገር አክላለች። ደም ውስጥ የሚገኘው ከመላው ሰውነታችን ሊምፎሳይት (ሲዲፎርን የያዘው የነጭ ደም ሴል ዓይነት) 2 በመቶ ገደማው ብቻ ነው። የቀረው ዕጢ ውስጥ፣ አንጀት ውስጥ፣ ጣፊያ ውስጥ ነው ያለው። ወረቀቱ ላይ የምናየው ቁጥር መንገድ ላይ የተገኙትን ነው።

ምላሽ 8። አንድ ትልቅ ሰው ጻፉ፤ በዕድሜ ስለሚበልጡን አንቱ እላቸዋለሁ። የሐኪሟ መልስ ሐዘን እንደቀሰቀሰባቸው ያስታውቃል። መድኃኒት በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የሚገዛ ገዛ፣ ያልቻለ ሞተ። በየሳምንቱ ዕድር ይጠራ እንደነበር፣ ሬሳ ተሸክመው ሲመለሱ ሌላ ጥሩንባ ይሰሙ እንደነበር አወሱ። ነፃ ከሆነ በኋላም ሲዲፎርህ ገና ነው እየተባለ የተመለሰው ብዙ ነው። ከ200 እስኪወርድ ጠብቁ የተባለው ለምንድን ነው? አሁን ዘግይታችሁ ነው የጀመራችሁት ማለት ተገቢ ነው ወይ? ጥያቄያቸው ስለት ነበረው፤ ተገቢም ነበር።

ምላሽ 9። ሐኪሟ በአክብሮት መለሰችላቸው። እርስዎ ያሉት እውነት ነው ብላ ጀመረች። በዚያን ጊዜ መድኃኒቱ ጥቂት ነበር፣ ሊሞት የደረሰው እንዲቀድም ተደረገ። ኪኒኖቹም ከባድ ነበሩ፤ ስታቩዲን ጉንጭ ያከሳ፣ እግር ያደነዝዝ ነበር፣ ዚዶቩዲን ደም ያሳንስ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት መነሻውን በ2010 እ.ኤ.አ. ወደ 350፣ በ2013 ወደ 500 ከፍ አደረገው። በ2015 ስታርት የተባለው ትልቅ ጥናት ሲዲፎራቸው ከ500 በላይ የሆኑ ሰዎችን ከፍሎ አየ፤ ወዲያው የጀመሩት ከዘገዩት ይልቅ ለከባድ ሕመምና ለሞት የመጋለጣቸው ዕድል ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ የተገኘበት ሁሉ ሳይቆይ እንዲጀምር ተባለ። ማብራሪያው ሐዘናቸውን አይመልስም ብላ ነው የጨረሰችው። ሽማግሌው አመሰገኗት።

ምላሽ 10። የላቦራቶሪው ሰው ተመለሰ። ምላሽ 1 ላይ ስለ ቁጥር ሲወራ የተረሳ ነገር አለ አለ። የጤነኛ ሰው ሲዲፎር ከ500 እስከ 1500 ነው የሚባለው መጽሐፍ ላይ ያለ ልክ ነው። የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአቃቂና በወንጂ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ሲሠራ፣ ኤችአይቪ የሌለባቸውን ኢትዮጵያውያን ደም ከኔዘርላንድስ ሰዎች ጋር አነጻጽሮ ነበር። ዶክተር ፀሐይነሽ መሠለ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት የኢትዮጵያውያኑ ሲዲፎር ዝቅ ያለ ነው፤ ገና ሥራ ያልጀመሩት ሴሎች ያነሱ፣ የነቁት ደግሞ የበዙ ናቸው። ስለዚህ 340ን ከአምስተርዳም ሰው ጋር ሳይሆን ከጎረቤቴ ጋር ማስተያየት አለብኝ።

ምላሽ 11። አንድ ሰው ይህን ሲያነብ ደሙ ፈላ። ሐበሻ ከፈረንጅ ደካማ ደም አለው ልትሉን ነው ወይ የሚል መንፈስ ነበረው። በእኛ ላይ የሚሠራ ጥናት ሁሌ የሚያሳንሰን ነው ብሎ በላቦራቶሪው ሰው ላይ የማይገባ ቃል ተናገረ። ቁጣው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ዒላማው ግን ልክ አልነበረም፤ ጥናቱን የመሩት የራሳችን ሰዎች ናቸው።

ምላሽ 12። የላቦራቶሪው ሰው ስድቡን አልፎ መለሰ። ድክመት የሚል ቃል አልተጠቀምኩም አለ። ከሕፃንነት ጀምሮ ከወስፋት፣ ከቲቢ፣ ከወባ ጋር የኖረ ሰውነት ሴሎቹ ሥራ ላይ ናቸው። ወደ እስራኤል የሄዱ ኢትዮጵያውያን ላይ የተሠሩ ጥናቶች ሲደርሱ የመከላከያ ሴሎቻቸው በጣም የነቁ እንደነበሩ፣ የሆድ ትላትል ሲታከም መንቃቱ እንደቀነሰ አሳይተዋል። ስለዚህ ነገሩ ከዘር ይልቅ ከኑሮ ጋር የተያያዘ ነው። ምላሽ 11 ላይ የጻፈው ሰው ይህን አንብቦ ዝም አለ፤ ይቅርታ ግን አልጠየቀም።

ምላሽ 13 እስከ 15። እዚህ ላይ ክሩ ጣና ገባ። የዘጌ ልጅ ነኝ ያለ አንድ ሰው ስለ ትላትል ከተነሳ ቢልሃርዚያን አትርሱ አለ፤ ልጆች ሐይቁ ዳር ሲዋኙ ይይዛቸዋል። ሌላው ስለ እምቦጭ ጀመረ። ሌላው ከተማው ወደ ሐይቁ የሚለቀውን ቆሻሻ አነሳና ዓሣ መብላት ይሻላል አይሻልም ክርክር ሆነ። የመድረኩ አስተባባሪ ወደ ጉዳያችን እንመለስ ብሎ ባይገላግለን እስካሁን ቆሩሶና አምባዛ ላይ ነበርን። ከዚያ ሁሉ የጠቀመን አንድ ነገር ነው፤ የቢልሃርዚያ ትል በዓሣ ሥጋ አይተላለፍም፣ ውኃው ውስጥ ቆዳ በስቶ ነው የሚገባው።

ምላሽ 16። ከሰሊጥ ለቀማ ስለተመለሰ ወንድሙ አንድ ሰው ጻፈ። ልጁ መተማ ወርዶ ሲመለስ ትኩሳቱ አልለቅ አለው፣ ጣፊያው አበጠ፣ ሰውነቱ አለቀ። ካላዛር ነበር። ሲመረመር ኤችአይቪም ተገኘበት፤ ሲዲፎሩ ከ100 በታች። ሐኪሟ ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን እንደሚያባብስ ገለጸች። የካላዛር ተውሳክ የሚኖረው የመከላከያ ሴል ውስጥ ነው፤ ኤችአይቪ ያለበት ሰው ላይ ታክሞም ይመለሳል፣ ሲዲፎሩም በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው። በሊቦ ከምከም በ1997 ዓ.ም. ወረርሽኙ ሲታወቅ መጀመሪያ ወባ ይመስል እንደነበር ሽማግሌው አስታወሱ። ልጁ አሁን ይሻለዋል ተብሏል።

ምላሽ 17። አንዲት ሴት የውጤት ወረቀቷ ላይ ሲዲኤይት የሚል አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀች። ወረቀቷ ላይ ያለው የሲዲፎርና የሲዲኤይት ንጽጽር 0.5 ነው። ይህ ጥያቄ ክሩን ወደ ዋናው ነገር መለሰው። ስለ ሲዲፎር ብቻ ስናወራ የቆየነው ሌሎቹን ሴሎች ረስተን ነው።

ምላሽ 18። ሐኪሟ ረጅም ጻፈች፤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጤነኛ ሰው ላይ ሲዲፎር ከሲዲኤይት ይበዛል፣ ንጽጽሩ ከ1 በላይ ነው። ኤችአይቪ ላይ ይገለበጣል፤ ሲዲፎር ይወርዳል፣ በቫይረሱ የተያዙ ሴሎችን የሚገድለው ሲዲኤይት ይበዛል። መድኃኒት ሲጀመር ሲዲፎር ቢነሳም ሲዲኤይት በብዙ ሰው ለዓመታት ከፍ እንዳለ ይቆያል። ዝቅ ያለ ንጽጽር ሰውነቱ ውስጥ ውስጡን መቆጣቱን አለማቆሙን ይጠቁማል።

ደግሞም መብዛቱ ብርታት አይደለም። ከዓመት ዓመት ከአንድ ጠላት ጋር የሚታገል ሲዲኤይት ይዝላል። ላዩ ላይ ፒዲ ዋን የሚባል ምልክት ይበዛበታል፤ ምልክቱ ሴሉን ሥራህን ቀንስ የሚል ነው። በኤችአይቪ ላይ ይህ የታወቀው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ይህንኑ ምልክት የሚያግዱ መድኃኒቶች ዛሬ ለአንዳንድ ካንሰሮች ይሰጣሉ።

ቢ ሴሎችን አስከተለች። እነሱ አንቲቦዲ ያመርታሉ፤ ኤችአይቪ ላይ ከልክ በላይ ያመርታሉ፣ የሚያመርቱት ግን አብዛኛው የማይጠቅም ነው። በፊት ያወቁትን በሽታ የሚያስታውሱት ቢ ሴሎች ይቀንሳሉ። የጉበት ቢ ክትባት ከእኛ ውስጥ አንዳንዱን ሳይዘው የሚቀረው ለዚህ ነው። ሞኖሳይት የሚባሉት ነጭ ሴሎችም ይለወጣሉ። ቁጡ የሆነው ዓይነታቸው ይበዛል፣ የደም ሥር ግድግዳ ላይ እየተጣበቁ ያቆስሉታል። ከኤችአይቪ ጋር የሚኖር ሰው ቫይረሱ ታፍኖም ለልብ ድካምና ለስትሮክ ከሌላው ሰው የበለጠ የሚጋለጠው በከፊል በዚህ የተነሳ ነው። በ2023 የወጣ ሪፕሪቭ የተባለ ጥናት ከ40 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ላይ ፒታቫስታቲን የተባለ የስብ መድኃኒት የልብና የደም ሥር አደጋን በ35 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል።

ኒውትሮፊል የሚባለውን ሌላ ነጭ ሴል ያነሳው የላቦራቶሪው ሰው ነው። እሱም በኤችአይቪ ወይም በዚዶቩዲን ሊወርድ ይችላል። ይሁንና ብዙ አፍሪካዊ፣ ኢትዮጵያውያንም ጭምር፣ ምንም ሳይታመም ኒውትሮፊሉ ዝቅ ያለ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ዝቅተኛ የሚል ምልክት ስላየ ብቻ ሰው መደንገጥ የለበትም።

እኔ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት ደሜ ውስጥ ያሉት ሴሎች ከቁጥራቸው ይልቅ ጠባያቸው መለወጡን ነው። የሚነቃው አይተኛም፣ የዛለው አያርፍም፣ ማስታወስ ያለበት ይረሳል። ለዓመታት ስለ አንድ ቁጥር ስጨነቅ የደም ግፊቴን ለክቶልኝ የሚያውቅ ግን የለም። ይህ ሁላችንንም ይመለከታል፤ ቀጠሯችን ላይ ግፊታችንን፣ ስኳራችንን፣ ክብደታችንን ጠይቀን እናስለካ።

ምላሽ 19። እንዲህ በሰላም ሲሄድ አንድ ሰው መጥቶ፣ ቫይረሱ ለዓመታት ካልታየ ጠፍቷል ማለት ነው፣ ስለዚህ መድኃኒት ማቆም ይቻላል የሚል አሳብ ጣለ። እሱ ራሱ ካቆመ መቆየቱን፣ ፀበል እየተጠመቀ ደህና መሆኑን ጻፈ። አውሮፓ ውስጥ የዳኑ ሰዎችንም ጠቀሰ።

ምላሽ 20 እስከ 23። እሳት ተነሳ። ፋርማሲስቱ ነፍሰ ገዳይ እስከማለት ደረሰ፤ አስተባባሪው ቃሉን አነሳበት። አንዱ እምነታችን ተሰደበ አለ። ሌላው ሳይንስና ሃይማኖት አይገናኝም ብሎ የባሰ አባባሰው። እኔ ያኔ ፈራሁ። የፈራሁት ለክርክሩ ሳይሆን አንብቦ ኪኒኑን ለሚጥል ሰው ነው።

ምላሽ 24። ያበረደው አንድ መምህር ነው፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው። ወንድሜ ብሎ ለምላሽ 19 ጻፈ። ፀበል መጠመቅና መድኃኒት መውሰድ እንደማይጣሉ፣ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ምእመናን ሁለቱን አብረው እንዲወስዱ ማስተማራቸውን አስታወሰ። በጾም ቀንም ሰዓቱ ሲደርስ ኪኒን መዋጥ ጾም እንደማያፈርስ፣ የሚጠራጠር ካለ የነፍስ አባቱን እንዲጠይቅ መከረ። ድምፁ ለስላሳ ነበር።

ምላሽ 25። ሐኪሟ የሳይንሱን በኩል ያዘች። ቫይረሱ አልታየም ማለት ደም ውስጥ የሚለካ አልተገኘም ማለት ነው። አንዳንድ ሲዲፎር ሴሎች የቫይረሱን ዘር በራሳቸው ዘር ውስጥ ቀብረው ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ። መድኃኒት ሥራ ላይ ያለ ቫይረስን እንጂ እነዚህን አይነካም። ቁጥራቸው በግማሽ ለመቀነስ 44 ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ በዚያ አካሄድ ሁሉም እንዲያልቁ ከ60 ዓመት በላይ ኪኒን መዋጥ ያስፈልጋል። መድኃኒት ሲቆም ቫይረሱ በአብዛኛው ሰው በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ሲዲፎር ከፍ ሲል ማቆም፣ ሲወርድ መጀመር የሚል አሳብ ደግሞ ተሞክሯል። ስማርት የተባለው ጥናት ከ5,000 በላይ ሰዎችን ይዞ ሲዲፎር ከ350 ሲበልጥ እያቆሙ ከ250 ሲያንስ እንደገና የሚጀምሩትን ሳያቋርጡ ከሚወስዱት ጋር አነጻጽሮ ተከታተለ። በሚያቆሙት ላይ ሞትና ከባድ ሕመም ከእጥፍ በላይ ስለሆነ ጥናቱ ተቋረጠ፤ ውጤቱ በ2006 እ.ኤ.አ. ወጣ። አውሮፓ ዳኑ የተባሉትም የደም ካንሰር ይዟቸው መቅኔ የተቀየረላቸው ናቸው፤ ከሰጧቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሲሲአር ፋይቭ የሌላቸው ነበሩ። እንዲህ ዓይነቱ መቅኔ በሰሜን አውሮፓውያን እንጂ በእኛ ዘንድ አይገኝም ማለት ይቻላል፤ ሕክምናውም ራሱ ሊገድል ይችላል።

ምላሽ 26። ከደቅ ደሴት የመጣች አንዲት ሴት ያካፈለችው ልቤን ነካው። ለመድኃኒት በጀልባ ሐይቁን ትሻገራለች። ማዕበል ሲኖር ጀልባ አይነሳም፤ መንገድ የተዘጋበትም ጊዜ ነበር። አንድ ጊዜ ኪኒኗ አልቆባት ሳትወስድ ከረመች። ከዚያ ማሳል ጀመረች፤ ቲቢ ነበር። የቲቢውን ጨርሳ አሁን የስድስት ወር መድኃኒት ይሰጣታል፤ ከዚያ ላይ እንዳይቋረጥባት ትንሽ አስተርፋ ታስቀምጣለች። ነርሷ እዚህ ላይ ሲዲፎሩ ጥሩ የሆነ ሰውም ከኤችአይቪ ጋር ከኖረ ለቲቢ እንደሚጋለጥ፣ የመከላከያ መድኃኒቱን ያልወሰደ ካለ እንዲጠይቅ አሳሰበች።

ምላሽ 27። ምላሽ 19 ላይ የጻፈው ሰው ተመልሶ መጣ። አልተከራከረም። የት ሄዶ ቫይራል ሎድ ማሠራት እንደሚችል፣ ካርዱ የጠፋበት ሰው እንዴት እንደገና እንደሚጀምር ብቻ ጠየቀ። ነርሷ በውስጥ መስመር እንዲጽፍላት ነገረችው። ፋርማሲስቱም አይዞህ ወንድሜ አለው።

ምላሽ 28። አንድ ባል ነፍሰ ጡር ሚስቱ ሲዲፎሯ ከ520 ወደ 410 ወረደ ብሎ ተጨንቆ ጻፈ። ሁለቱም መድኃኒት ላይ ናቸው፤ ቫይረሱ አይታይባቸውም።

ምላሽ 29። የላቦራቶሪው ሰው ደም በእርግዝና ወቅት እንደሚቀጥንና መጠኑ እንደሚጨምር አስረዳው። ስለዚህ በአንድ ማይክሮ ሊትር የሚቆጠረው ያንሳል፣ ሴሎቹ ግን ሞተው አይደለም። ሲዲፎር ከሊምፎሳይት ስንት በመቶ እንደሆነ ወረቀቱ ላይ ካለ እሱን ይመልከት፤ እሱ ብዙም አይወርድም። ነርሷም ለልጁ ወሳኙ የእናቱ ቫይራል ሎድ ስለሆነ ከመውለዷ በፊት እንዲለካ፣ ልጁም እንደተወለደ የሚሰጠው መድኃኒት ሳይዘገይ እንዲጀመርለት ነገረችው። ወሯ ስንት እንደሆነ ጠየቀችው። ሰባተኛ ወሯን ይዛለች አለ። ነርሷ ሰኞ ይዘሃት ና ብላ ጻፈች።